የባሕር ቀንዲል፦ ከዓይን የተሰወረው ግማሽ ሕይወቷ

በዚህ ወር አምዳችን ከየብስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ይወርዳል። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም፣ ባሕር ለቤተሰቦቻችን ሩቅ ነገር አይደለም። በጅዳ፣ በጅቡቲ፣ በዱባይና በሌሎች የወደብ ከተሞች ሠርተው የሚያድሩ ወንድሞችና እኅቶች ያሉን ብዙዎች ነን። እነዚህ ወገኖቻችን በዕረፍት ቀናቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻ ብቅ ሲሉ አንዲት እንግዳ ነገር ሳታጋጥማቸው አትቀርም። ማዕበል አሸዋ ላይ የጣላት፣ መስታወት የመሰለች፣ ሲነኳት የምትዝለገለግ፣ ፀሐይ ሲበረታባት ደግሞ ሟምታ ስስ ቆዳ ብቻ የምትተው ፍጡር ናት።

ልጅ «አባዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ «አትንካ!» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂውን አያጠግብም። እኛም በዚህ ጽሑፍ የልጁን ጥያቄ ከነሙሉ መልሱ ለማቅረብ እንሞክራለን። ከመነሻችን ግን አንድ ነገር እንናገር። ስለዚች ፍጡር ልናውቀው የሚገባው ዋነኛው ነገር አሸዋው ላይ አይታይም። ባሕር ዳር የምናያት የሕይወቷ አንዱ ክፍል ብቻ ናት። ሌላው ክፍል ከውሃ በታች፣ ብዙ ጊዜም የሰው ልጅ ራሱ በገነባው ነገር ሥር ተለጥፎ የሚኖር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ባሕሩ በድንገት በጄሊፊሽ ሲሞላ ከየት እንደመጣበት ሊገባው አይችልም።

ስሟና ወገኗ

የዛሬዋ እንግዳችን በብዙ አገሮች «የጨረቃ ጄሊፊሽ» ትባላለች። ክብ ሆና ውሃው ውስጥ ስትንሳፈፍ ሙሉ ጨረቃን ስለምትመስል ነው። ዐረቦች ደግሞ ጄሊፊሽን በጅምላ «ቀንዲሉል በሕር» ይሏታል፤ የባሕር ቀንዲል ማለት ነው። ቀንዲል የሚለው ቃል በእኛም ቋንቋ ስላለ ስሙን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ፀሐይ ውሃውን ሰንጥቃ ስትገባ የጄሊፊሷ ገላ ብርሃኑን ተቀብሎ ሲያሳልፍ ያየ ሰው ስሙ እንዴት እንደወጣላት ይገባዋል።

«ፊሽ» ማለት በእንግሊዝኛ ዓሣ ማለት ቢሆንም ጄሊፊሽ ዓሣ አይደለችም። ዓሣ የጀርባ አጥንት፣ ልብ፣ ደምና አንጎል አለው፤ እርሷ ግን ከነዚህ አንዱም የላትም። ዘመዶቿ እንደ ድንጋይ ተገንብተው የምናያቸው የባሕር ዛጎል ድንጋዮች፣ ማለትም ኮራሎች ናቸው።

ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለዚች ፍጡር ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣላት «አውሪታ» አላት። በላቲን «ጆሮ ያላት» ማለት ነው። ዛሬ ሙሉ ስሟ «አውሬሊያ አውሪታ» ይባላል። ለረጅም ጊዜ በዓለም ዙሪያ የሚገኙት የጨረቃ ጄሊፊሾች በአብዛኛው አንድ ዝርያ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። በመልክ መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። የዘር ውርስ ምርመራ ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት ብቻ ቀደም ሲል ያልተሰየሙ 10 አዳዲስ ዝርያዎችን በስም ለይቷል። ዋነኛዋ «አውሬሊያ አውሪታ» የሰሜን አውሮፓ ባሕሮች ነዋሪ ስትሆን፣ በቀይ ባሕርና በሌሎች ሞቃት ባሕሮች የሚገኙት እኅቶቿ ናቸው። መልካቸውም ኑሯቸውም በጣም ይመሳሰላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንተርከው በመሠረቱ ለሁሉም ይሠራል።

ከመቶ 95 እጅ ውሃ

የጨረቃ ጄሊፊሽ አካል ከመቶ 95 እጅ በላይ ውሃ ነው። ቅርጿ የተዘረጋ ዣንጥላ ይመስላል፤ ስፋቷም ሲያድግ ከ25 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ መካከለኛ የምግብ ትሪ ያህል ማለት ነው። ገላዋ ሁለት ስስ የህዋስ ንጣፎች ያሉት ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል የተሞላው ወፍራም ዝልግልግ ነገር ነው። ይህ ዝልግልግ ቅርጿን ይጠብቅላታል፤ እንዳትሰምጥም ያግዛታል። ከባሕር ስትወጣ ግን የሚሸከማት ውሃ ስለሌለ ወዲያው ጠፍጣፋ ትሆናለች።

ከላይ ለሚያያት ሰው መለያዋ በገላዋ መካከል የሚታዩት አራት የፈረስ ኮቴ የመሰሉ ቅርጾች ናቸው። ሐምራዊ ወይም ነጣ ያለ ቀለም አላቸው። እነዚህ ዓይኖች የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን የመራቢያ አካሎቿ ናቸው። ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ናቸው።

ዓይን መሳይ ነገር የምናገኘው በዣንጥላዋ ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ በእኩል ርቀት የተቀመጡ ስምንት ጥቃቅን የስሜት አካላት አሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ ብርሃንን ከጨለማ የሚለዩ ነጥቦችና ወደ ምድር ስበት የሚያዘነብሉ ደቃቅ ጠጣሮች ይገኛሉ። ጄሊፊሷ ላይና ታቹን፣ ተገልብጣ ወይስ ቀጥ ብላ እንዳለች የምታውቀው በእነዚህ ነው። አንጎል ባይኖራትም በመላ ገላዋ የተዘረጋ የነርቭ መረብ አላት። ዣንጥላዋ በምት የሚከፈተውና የሚዘጋውም ከስምንቱ አካላት በሚነሣ ትእዛዝ ነው።

ይህንን የስበት መለኪያ ለመመርመር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1991 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት 2,478 ገና በልጅነት ዕድሜ ላይ ያሉ የጨረቃ ጄሊፊሾችን በኮሎምቢያ መንኮራኩር ወደ ሕዋ ልኮ ነበር። እዚያ ተራብተው በአሥር ሺህዎች ተቆጠሩ። ወደ ምድር ሲመለሱ ግን በሕዋ ከተወለዱት መካከል ብዙዎቹ በትክክል መዋኘት አቃታቸው። ላይና ታች በሌለበት ስለተወለዱ የምድር ስበት ግራ አጋባቸው። የሰው ልጅም በውስጠኛው ጆሮው ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቀው በተመሳሳይ ጠጣሮች ስለሆነ፣ ጥናቱ ወደፊት በሕዋ ሊወለዱ ስለሚችሉ ሕፃናት ማሰብ ለጀመሩ ሐኪሞች ትርጉም ነበረው።

አበላሏና መንደፊያዋ

የጨረቃ ጄሊፊሽ አዳኝ ናት፤ ግን አደኗ ሩጫ የለበትም። ምግቧ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳት፣ እንቁላሎችና የዓሣ ጫጩቶች ናቸው። ገላዋ በስስ ንፋጭ የተሸፈነ በመሆኑ ደቃቆቹ ሲነኩት ይጣበቃሉ። ከዚያም ጥቃቅን ፀጉሮች ንፋጩን እስከ ጠርዟ ድረስ ይገፉታል። ከሆዷ በታች የተንጠለጠሉት አራት የአፍ ክንዶች ደግሞ ከጠርዙ ላይ እየለቀሙ ወደ አፏ ያደርሱታል። የምትገባውም የምትወጣውም ምግብ በዚያው በአንድ ቀዳዳ ነው። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የበላችውን ሆዷ ውስጥ ማየት ይቻላል።

መተንፈሻ አካልም የላትም። ኦክስጅንን በስስ ቆዳዋ በኩል በቀጥታ ከውሃው ትወስዳለች። ምግብ ሲጠፋ ደግሞ ብዙ እንስሳት የማይችሉትን ታደርጋለች፤ የራሷን ገላ እየተጠቀመች ትኮማተራለች። ምግብ ሲመለስ መልሳ ታድጋለች።

በጠርዟ ዙሪያ እንደ ዘርፍ የሚወርዱት በርካታ አጫጭር ክሮች በጥቃቅን የመንደፊያ ህዋሳት የተሞሉ ናቸው። እያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ የተጠመጠመ ደቃቅ ክር አለ። አንድ ነገር ሲነካው ክሩ ተፈናጥሮ ይወጣና መርዙን ይወጋል። በዘመዷ በሃይድራ ላይ የተደረገ ልኬት እንዳሳየው ይህ መፈናጠር ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው። ይሁን እንጂ የጨረቃ ጄሊፊሽ መንደፊያ ለሰው ቆዳ ደካማ ነው። ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም፤ አንዳንዱን እንደ ሳማ ለጥቂት ጊዜ ይለበልበዋል። ሌሎች ጄሊፊሾች ግን እንደ እርሷ አይደሉም። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

በጥቂት ጉልበት ሩቅ የምትሄድ

ጄሊፊሽ ስትዋኝ ያያት ሰው ደካማ ናት ብሎ ሊገምት ይችላል። እውነት ነው፣ ከማዕበልና ከጅረት ጋር መታገል አትችልም፤ ውሃው ወደ ወሰዳት ትሄዳለች። ነገር ግን በጉልበት ቁጠባ የሚወዳደራት እንስሳ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የጨረቃ ጄሊፊሽ ዣንጥላዋን ዘግታ ውሃውን ከገፋች በኋላ ጡንቻዋን ታሳርፋለች። ዣንጥላው በራሱ ተለጥጦ ሲከፈት ከሥሩ የሚፈጠረው የውሃ ሽክርክሪት ደግሞ እንደገና ወደፊት ይገፋታል። በዚህ ዘዴ ብቻ በእያንዳንዱ ምት 30 ከመቶ ተጨማሪ ርቀት ያለ ምንም ወጪ ታገኛለች። እያረፉ መጓዝ ማለት ይህ ነው!

ይህ ችሎታዋ የመሐንዲሶችን ዓይን ስቧል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ተመራማሪዎች በጨረቃ ጄሊፊሽ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተክለው የዣንጥላዋን ምት ሲያፋጥኑት ፍጥነቷ ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ሲሆን፣ የፈጀችው ጉልበት ግን የጨመረው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ሐሳባቸው ወደፊት ጥልቅ ባሕርን የሚለኩ መሣሪያዎችን በጄሊፊሽ ማመላለስ ነው።

ሌላም ጉድ አላት። ልጅ ሳለች ከስምንቱ ክንዶቿ የተወሰኑት ቢቆረጡባት ሌሎች እንስሳት እንደሚያደርጉት አዲስ ክንድ ለማብቀል አትቸኩልም። የቀሯትን በጥቂት ቀናት ውስጥ በዙሪያዋ እኩል ታከፋፍላቸዋለች። ይህም እ.ኤ.አ. በ2015 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የታወቀ ነው። ለመዋኘት የሚያስፈልጋት የክንዷ ብዛት ሳይሆን የሚዛኗ መስተካከል ስለሆነ፣ ባላት ነገር ሚዛኗን ጠብቃ ትቀጥላለች።

አንድ ፍጡር፣ ሁለት ኑሮ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደርሰናል። ውሃ ላይ የምትንሳፈፈው ጄሊፊሽ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት አይበልጥም። ታዲያ በየዓመቱ ከየት ትመጣለች?

ሴቷ ወንዱ ውሃ ውስጥ የለቀቀውን ዘር በአፏ በኩል ትቀበላለች። የጸነሱት እንቁላሎች በአፍ ክንዶቿ እጥፋቶች ውስጥ ተጠብቀው ይቆያሉ። ከዚያ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ፣ ፀጉራም ገላ ያላቸው እጮች ሆነው ይወጣሉ። እጮቹ ለጥቂት ቀናት ዋኝተው ጠንካራ ነገር ይፈልጋሉ፤ የዛጎል ሽፋን፣ ድንጋይ፣ የመርከብ ማቆሚያ ምሰሶ፣ ተንሳፋፊ መድረክ፣ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ከዚያም እዚያ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም በታችኛው ገጽ፣ ተገልብጠው ይለጠፋሉ።

የተለጠፈው እጭ ወደ ጄሊፊሽነት አያድግም። ፖሊፕ የሚባል፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ አፉ በክሮች የተከበበ አነስተኛ አበባ መሳይ ፍጡር ይሆናል። ፖሊፑ ከጄሊፊሷ ጋር በመልክ አይገናኝም። አይንሳፈፍም፤ እንደ ተክል አንድ ቦታ ቆሞ ይኖራል። ከጎኑ እምቡጥ እያወጣ ራሱን የመሰሉ ሌሎች ፖሊፖችን ያለ ወንድና ሴት ይራባል። ለዓመታትም ሊኖር ይችላል። እናቱ ከሞተች በኋላ እርሱ ትውልዱን ይዞ ይጠብቃል።

ክረምት መጥቶ ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ አስደናቂው ለውጥ ይጀምራል። የፖሊፑ ገላ በዙሪያው እየተሰረሰረ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ተደራረበ እንጀራ ይሆናል። ከላይኛው ጀምሮ እያንዳንዱ «እንጀራ» ይርገበገብና ተላቅቆ ይዋኛል። ይህ ስምንት ክንድ ያለው፣ ኮከብ የመሰለው ፍጥረት የጄሊፊሷ ሕፃን ነው፤ ሳይንቲስቶች ኤፊራ ይሉታል። በወራት ውስጥ አድጎ የምናውቃትን ጄሊፊሽ ይሆናል። እናት ፖሊፑ ደግሞ አልሞተም፤ እንደገና ክሮቹን አብቅሎ የሚቀጥለውን ብርድ ይጠብቃል።

ፖሊፑ ብርዱ በቂ ጊዜ መቆየቱን እንዴት ያውቃል? በጀርመን የኪል ከተማ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳመለከቱት ብርዱ በቀጠለ ቁጥር በፖሊፑ ገላ ውስጥ አንድ ፕሮቲን ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። መጠኑ ሲሞላ ለውጡ ይጀመራል። ይህም አንድ ቀን ስለቀዘቀዘ ብቻ ተታልሎ ልጆቹን ያለ ጊዜያቸው እንዳይለቅ የሚጠብቅ ሰዓት ነው።

ይህን ሁሉ ለሰው ልጅ ግልጽ ያደረገው ኖርዌያዊው ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ ሚካኤል ሳርስ ነው። እርሱ አስቀድሞ ፖሊፑንና የተደራረበውን ፍጡር ሁለት የተለያዩ እንስሳት መስለውት ለየብቻ ስም አውጥቶላቸው ነበር። ከዚያ በ1830ዎቹ በጽናት ሲከታተል ሁለቱም የአንዲት ጄሊፊሽ የሕይወት ደረጃዎች መሆናቸውን አረጋገጠ። እስከዚያ ድረስ ሰዎች እናትና ልጅን የማይተዋወቁ እንግዶች አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር ማለት ነው።

የት ትኖራለች?

የጨረቃ ጄሊፊሽና እኅቶቿ ከቀዝቃዛዎቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕሮች አንሥቶ እስከ ሞቃቱ ቀይ ባሕር፣ የፐርሺያ ባሕረ ሰላጤና የእስያ ዳርቻዎች ይገኛሉ። የሚመርጡት ጥልቁን ውቅያኖስ ሳይሆን የባሕር ዳርቻውን ነው፤ ወደብ፣ ባሕረ ሰላጤና የወንዝ መግቢያ ይስማማቸዋል። ጨውን በሚመለከትም ጥብቅ አይደሉም። የጨው መጠኑ ከተለመደው ባሕር በጣም ባነሰው በባልቲክ ባሕር እንኳ በብዛት ይታያሉ።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው ግን ከብዙ ዓሦች ይልቅ የኦክስጅን እጥረትን መቋቋማቸውን ነው። ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያና ከከተማ የወጣ ፍሳሽ ወደ ባሕር ሲገባ አልጌ ይበዛል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ዓሣው ይሸሻል ወይም ይሞታል፤ ፖሊፑ ግን ይቆያል። ዓሣ ሲጠፋ ደግሞ ከጄሊፊሽ ጋር በአንድ ማዕድ የሚበላ ተሻሚ ጠፋ ማለት ነው። ከልክ ያለፈ ዓሣ ማስገርም ወደዚሁ ውጤት ያመራል።

ጠላቶቿም አሉ። የባሕር ኤሊዎች በተለይም ትልቁ ባለ ቆዳ ጀርባ ኤሊ፣ ጨረቃ መሳዩ ግዙፍ ዓሣ ሞላ፣ እንዲሁም ትላልቅ ጄሊፊሾች ይመገቧታል። በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፌስታል ለኤሊ ጄሊፊሽ ይመስላል። ኤሊው ፌስታሉን ውጦ ሲሞት የጄሊፊሽ ቁጥር ከሚቀንሱት አንዱ አለፈ ማለት ነው። እንግዲህ በባሕር ዳር ሽርሽር ላይ ትተነው የምንሄደው ፌስታል ሥራው ሁለት ነው፤ ኤሊን ይገድላል፣ ለጄሊፊሽም መንገድ ይከፍታል።

መንጋው ሲመጣ

እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2013 በስዊድን የሚገኘው የኦስካርሻምን ኒውክሊየር ማመንጫ ሦስተኛ ክፍል ሥራውን አቆመ። ይህ ክፍል 1,400 ሜጋዋት የሚያመነጭ፣ በዓይነቱ በዓለም ከትላልቆቹ አንዱ ነው። ያስቆመው የጨረቃ ጄሊፊሽ መንጋ ነው። ማመንጫው ለማቀዝቀዣ የሚጠቀመውን የባሕር ውሃ በቧንቧ ይስባል፤ መንጋው ከውሃው ጋር ተስቦ ማጣሪያዎቹን ደፈነ። አንጎል የሌላት፣ ጥርስ የሌላት፣ ከመቶ 95 እጅ ውሃ የሆነች ፍጡር የሰውን ልጅ ኃያል ማሽን አሳረፈችው። በዚያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2005ም ሌላው ክፍል በተመሳሳይ ምክንያት ቆሞ ነበር።

ነገሩ የስዊድን ብቻ አይደለም። በጃፓን የወደብ ዳርቻዎች የጨረቃ ጄሊፊሽ የማመንጫዎች የዘወትር ችግር ናት። በፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 የጄሊፊሽ መንጋ የአንድ ማመንጫን የውሃ መግቢያ ዘግቶ ሰፊው የሉዞን ደሴት በጨለማ በተዋጠ ጊዜ፣ ሕዝቡ መፈንቅለ መንግሥት የተደረገ መስሎት ደንግጦ ነበር። ከማመንጫው የተዛቀው ጄሊፊሽ በጭነት መኪና ነበር የሚጋዘው። ዓሣ አጥማጆችም መረባቸው በጄሊፊሽ ክብደት ሲቀደድ፣ የያዙት ዓሣ ሲጨፈለቅ የዕለት እንጀራቸውን ያጣሉ።

ታዲያ ጄሊፊሽ በዓለም ሁሉ እየበዛች ነውን? በዚህ ጉዳይ ላይ ጠበብት ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የረጅም ዘመን መዝገቦችን የመረመረ ቡድን፣ የጄሊፊሽ ብዛት 20 ዓመት ገደማ በሚፈጅ ዑደት ከፍ ዝቅ እንደሚልና ዛሬ የምናየው ጭማሪ የዚሁ አካል ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ ወደ ፖሊፖቹ ጣቱን ቀስሯል። የሰው ልጅ በየባሕሩ ዳርቻ የሚዘረጋቸው ወደቦች፣ የጀልባ ማቆሚያዎች፣ የነዳጅ ማውጫዎችና የዓሣ ማርቢያዎች ለፖሊፖች ሰፊ ጣሪያ ሆነውላቸዋል። እጩ የሚፈልገው ጠንካራ፣ ጥላማ ገጽ ነው፤ አሸዋና ጭቃ ብቻ በነበረበት ዳርቻ አንድ መድረክ ሲሠራ ለእርሱ ቤት ተሠራለት። ጠላቂዎች በተንሳፋፊ መድረኮች ሆድ ሥር ፖሊፖችን ተነጥፈው ያገኟቸዋል።

የመላው ዓለም ሒሳብ ያከራክር እንጂ በየአካባቢው ያለው ነገር ግልጽ ነው። ዓሣው ተሟጥጦ በተወሰደበት፣ ፍሳሽ በተደፋበትና ዳርቻው በግንባታ በተሸፈነበት ባሕር መንጋው ምቹ ሁኔታ ያገኛል። መንጋው ድንገት ከሰማይ የወረደ ይመስለናል፤ እርሱ ግን ለዓመታት ከእግራችን ሥር፣ ቆመን ባሕሩን ከምናደንቅበት መድረክ በታች ተለጥፎ ጊዜውን ሲጠብቅ ኖሯል።

ባሕር ዳር ለሚወርዱ ቤተሰቦች

ከላይ የጨረቃ ጄሊፊሽ መንደፊያ ደካማ መሆኑን ተናግረናል። ሆኖም የሁሉም ጄሊፊሽ መርዝ እኩል አይደለም። ለምሳሌ ከቀይ ባሕር አቅጣጫ በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ሜዲትራንያን አልፋ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ በግብፅ፣ በእስራኤልና በሊባኖስ ዳርቻዎች የምትንጋጋው ዘላን ጄሊፊሽ አጥብቃ ትነድፋለች። ከዚህም የባሱ፣ ሕይወት የሚያጠፉ ዓይነቶች በሌሎች ሞቃት ባሕሮች አሉ። ለይቶ ማወቅ ለማይችል ሰው የሚበጀው ሁሉንም አለመንካት ነው። አሸዋ ላይ የወደቀች የሞተች ጄሊፊሽም ብትሆን የመንደፊያ ህዋሳቷ ሊፈናጠሩ ስለሚችሉ ልጆች በእጃቸውም በባዶ እግራቸውም እንዳይነኳት ማስተማር ይገባል።

አንድ ሰው ቢነደፍ የሚከተለውን ማድረግ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ሳይደናገጡ ከውሃው ማውጣት። የተነደፈውን ቦታ በአሸዋም ሆነ በፎጣ አለማሸት፤ ማሸት ያልፈነዱትን ህዋሳት ያፈነዳቸዋል። በዚያው በባሕር ውሃ ማጠብ፤ የቧንቧ ወይም የታሸገ ቀዝቃዛ ውሃ በቅድሚያ አለማፍሰስ። ቆዳው ላይ የቀረ ክር ካለ በወረንጦ ወይም ጓንት በለበሰ እጅ ማንሣት። ከዚያም ቦታውን ቆዳ በማያቃጥል፣ ነገር ግን ሞቅ ባለ ውሃ ለ20 ደቂቃና ከዚያ በላይ መዘፍዘፍ፤ 45 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ለልጅ ሲሆን ወላጅ አስቀድሞ በራሱ እጅ ይለካው። አቼቶ ለአንዳንድ ጄሊፊሾች መድኃኒት፣ ለሌሎች ግን ማባባሻ ስለሚሆን የአካባቢው የባሕር ዳር ጠባቂዎች ካላዘዙ አለመጠቀም ይሻላል። ሽንት ያሽረዋል የሚባለው ወሬ ግን ምንም መሠረት የለውም።

የተነደፈው ሰው ለመተንፈስ ከተቸገረ፣ ፊቱ ካበጠ፣ ካስመለሰው ወይም ሕመሙ እየበረታ ከሄደ ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ለልጆቻችን መልስ

እንግዲህ ልጁ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ከ«አትንካ!» በኋላ የምንጨምረው አግኝተናል። አጥንትና አንጎል ሳይኖራት ላይና ታቹን የምታውቅ፣ እያረፈች የምትጓዝ፣ ስትራብ የምትኮማተር የባሕር ቀንዲል ናት እንለዋለን። ልጁ በዕድሜ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ሌላውን ግማሽ እንጨምርለት፤ እርሷ የመጣችው ከዚያ ከምሰሶው ሥር ነው፣ ምሰሶውንም የተከልነው፣ ፍሳሹንም የለቀቅነው፣ ዓሣውንም የጨረስነው እኛ ሰዎች ነን እንበለው። ከዚያ ሽርሽሩ ሲያበቃ ፌስታሎቹን አብረን ለቅመን እንመለስ። ትምህርቱ ከወሬ ወደ ሥራ የሚገባው በዚያን ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ ኢንሻአላህ፣ ሰላም ሁኑ።